ከትኬቱ ጀርባ ያለው መዝገብ

በኢንተርኔት ትኬት የሚቆርጥ ወይም የሆቴል ክፍል የሚይዝ ሰው ከገንዘቡ ጋር ስለ ራሱ ብዙ ነገር አሳልፎ ይሰጣል፤ በፓስፖርቱ ላይ የሰፈረው ሙሉ ስሙ፣ የትውልድ ቀኑ፣ የፓስፖርት ቁጥሩ፣ ስልኩና ኢሜይሉ፣ የባንክ ካርዱ ቁጥር፣ አብረውት የሚጓዙት ሰዎች ስም፣ የሚነሳበት ቀንና የሚያድርበት ቦታ ሁሉ በአንድ ቅጽ ተሞልተው ይላካሉ። እነዚህ መረጃዎች በተናጠል ሲታዩ እዚህ ግባ የማይባሉ ሊመስሉ ይችላሉ፤ በአንድ መዝገብ ሲሰበሰቡ ግን መንገደኛው ከማን ጋር እንደሚውል፣ ለጉዞ ምን ያህል ለማውጣት አቅም እንዳለውና ቤቱ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ያለ ሰው እንደሚያድር ይናገራሉ። በዚህ መዝገብ ላይ መንገደኛው ምን መብት እንዳለው፣ መብቱስ እስከ የት እንደሚደርስ ማወቅ ዛሬ ትኬት ለሚቆርጥ ሁሉ አስፈላጊ ሆኗል።

በዘርፉ ሙያዊ አነጋገር ይህ መዝገብ የመንገደኛ ስም መዝገብ ይባላል፤ የትኬት ቢሮ ሠራተኞች ግን ከእንግሊዝኛው ምሕፃረ ቃል ወስደው ፒኤንአር ይሉታል። ብዙ መንገደኛ መረጃውን ለአየር መንገዱ ወይም ለጉዞ ወኪሉ ብቻ የሰጠ ይመስለዋል፤ በተግባር ግን መዝገቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው የቦታ ማስያዣ ሥርዓቶችን በሚያስተዳድሩ ጥቂት ግዙፍ ኩባንያዎች ኮምፒውተሮች ውስጥ ነው። ከእነዚህ አንጋፋው ሴበር የአሜሪካን ኤርላይንስና የአይቢኤም የጋራ ሥራ ሆኖ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አገልግሎት ላይ ዋለ፤ አማዴየስ ደግሞ በ1987 እ.ኤ.አ. በአራት የአውሮፓ አየር መንገዶች ተመሥርቶ ዋና መሥሪያ ቤቱን ማድሪድ ላይ አደረገ። በመሆኑም አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ትኬት ቢሮ ለዱባይ ወይም ለዋሽንግተን የተቆረጠ ትኬት መዝገብ ባሕር ማዶ ባለ ኮምፒውተር ተቀምጦ፣ ወኪሉ፣ አየር መንገዱ፣ በመሸጋገሪያው ከተማ ያለው ሌላ አየር መንገድና የሥርዓቱ ባለቤት እንደየድርሻቸው ሊያዩት ይችላሉ፤ መንገደኛው ግን የአንዳንዶቹን ስም እንኳ ሰምቶ አያውቅም።

ከመዝገቡ ይዘት ሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው፣ በአጭር ምልክት ተጽፎ የሚገባው ልዩ የአገልግሎት ጥያቄ ነው። በዓቢይ ጾም የሚጓዝ ምእመን የጾም ምግብ ሲያዝ፣ ሙስሊም መንገደኛ ሐላል ምግብ ሲጠይቅ፣ ወይም ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት እስከ አውሮፕላኑ በር የሚያደርሳቸው ተሽከርካሪ ወንበር ሲያስፈልጋቸው፣ ጥያቄው ምግቡ ከተበላና ወንበሩ ከተመለሰ በኋላም በመዝገቡ ላይ ተጽፎ ይቆያል። ሰው ሃይማኖቱን ወይም ሕመሙን ለማንም ሳይናገር፣ ምሳውን በማዘዝ ብቻ ተናግሮታል ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በሐምሌ 2017 እ.ኤ.አ. ኅብረቱ ከካናዳ ጋር ሊፈጽመው ስላሰበው የመንገደኞች መረጃ ስምምነት በሰጠው አስተያየት፣ እንዲህ ያለው መዝገብ የሰውን የአመጋገብ ልማድና የጤና ሁኔታ ሊገልጽ እንደሚችል ጠቅሶ፣ ስምምነቱ በቀረበበት መልኩ ሊጸድቅ እንደማይችል ወስኗል።

የመዝገቡ ቁልፍ የሆነው ከስድስት ፊደላትና ቁጥሮች የተሠራ መለያ ሲሆን፣ በብዙ አየር መንገዶች ድረ ገጽ ይህን መለያ ከመንገደኛው የመጨረሻ ስም ጋር ያስገባ ሰው ጉዞውን ማየትና አንዳንድ ጊዜም መለወጥ ይችላል። በታኅሣሥ 2016 እ.ኤ.አ. በጀርመን ሐምቡርግ ከተማ በተደረገ የኮምፒውተር ደኅንነት ጉባኤ ላይ ካርስተን ኖልና ነማንያ ኒኮዲየቪች የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ይህ መለያ እንደ ይለፍ ቃል እየሠራ ሳለ በቦርዲንግ ፓስና በሻንጣ መለያ ወረቀት ላይ በግልጽ እንደሚታተም አሳይተዋል። ስሙም መለያውም አንድ ወረቀት ላይ ስለሆኑ፣ ነገሩ በርን ቆልፎ ቁልፉን እዚያው ቀዳዳው ላይ እንደ መተው ነው። የቀድሞው የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ አቦት በ2020 እ.ኤ.አ. የቦርዲንግ ፓሳቸውን ፎቶ በኢንስታግራም በለጠፉ ጊዜ፣ አንድ ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ በፎቶው ላይ በሚታየው መለያ ገብቶ የፓስፖርትና የስልክ ቁጥራቸውን ማግኘት ችሎ ነበር፤ እርሱ ያገኘውን ለሚመለከታቸው ነገረ እንጂ አልተጠቀመበትም። ከቦሌ ሲነሱ ፓስፖርትና ቦርዲንግ ፓስ ደራርቦ ይዞ ፎቶ መነሣትና ለወዳጅ ዘመድ በቴሌግራምና በፌስቡክ ማሳየት የደስታ መግለጫ ነው፤ ደስታው የሚያስነውር ነገር የለበትም፤ ሆኖም ከምስሉ ላይ ባርኮዱንና ስድስቱን ፊደላት መሸፈን ይገባል፤ በባርኮዱ ውስጥም ስሙና መለያው ተጽፈው ስለሚገኙ ፊደላቱን ብቻ መሸፈን አይበቃም።

መብቱን በተመለከተ እስካሁን ከፍ ያለ ተጽዕኖ ያለው ሕግ ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ የመረጃ ጥበቃ ደንብ ነው። ደንቡ መረጃው ለምን ዓላማና እንዴት እንደሚሠራበት የሚወስነውን አካል፣ ማለትም አየር መንገዱን ወይም የቦታ ማስያዣ ድርጅቱን፣ ዋና ተጠያቂ ያደርጋል፤ ባለመረጃው ደግሞ ምን እንደተያዘበት የማወቅና ቅጂውን የማግኘት፣ የተሳሳተውን የማሳረም፣ ምክንያቱ ያበቃውን የማስሰረዝና ለማስታወቂያ እንዳይውል የመቃወም መብት አለው። ለጥያቄው በመደበኛው አሠራር በአንድ ወር ውስጥ ያለ ክፍያ መልስ መስጠት ግዴታ ነው። ደንቡ መቀመጫቸው ከአውሮፓ ውጭ ሆኖ በአውሮፓ ላሉ ሰዎች አገልግሎት የሚያቀርቡ ድርጅቶችንም ስለሚመለከት፣ ሮም ወይም ስቶክሆልም ሆኖ ወደ አዲስ አበባ ትኬት የሚቆርጥ ኢትዮጵያዊ የዜግነት ጥያቄ ሳይነሣበት መብቱ ይጠበቅለታል። በካሊፎርኒያ ግዛት የሚኖሩ ሰዎችም ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ መብት ያላቸው ሲሆን፣ ሕጉ መረጃቸው ለሌላ እንዳይሸጥ የመከልከልን መብት ይጨምርላቸዋል።

የአውሮፓው ደንብ ሲጣስ ምን እንደሚመስል ለማየት በባሕረ ሰላጤው አገር የተፈጸመ አንድ ጉዳይ ያስተምራል። በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወንጀለኞች በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የሚገኙ 40 ሆቴሎች ሠራተኞችን በስልክ አታልለው የሆቴል ማስያዣ ኩባንያው የቡኪንግ ዶት ኮም መግቢያ ስምና ይለፍ ቃላቸውን ተቀበሉ፤ በዚህም ክፍል የያዙ 4,109 ሰዎችን ስም፣ አድራሻ፣ ስልክና የጉዞ ዝርዝር፣ የ283 ሰዎችን ደግሞ የባንክ ካርድ መረጃ አገኙ። ዋና መሥሪያ ቤቱ በአምስተርዳም የሆነው ኩባንያ ነገሩን ጥር 13 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ቢሰማም፣ ለሆላንድ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ያሳወቀው የካቲት 7 ቀን ነበር፤ ደንቡ የሚፈቅደው 72 ሰዓት በመሆኑ የ475,000 ዩሮ ቅጣት ተጣለበት። ቅጣቱ የተጣለው ሌቦቹ ስለ ሰረቁ ሳይሆን ኩባንያው ስለ ዘገየ መሆኑ ሊጤን ይገባል፤ በዘገየባቸው ቀናት እንግዶቹ የክፍያ ማረጋገጫ ጠያቂ መስሎ በሚደውል አታላይ እጅ ሊወድቁ ይችሉ ነበርና። የብሪቲሽ ኤርዌይስ ጉዳይ ከዚህ የሰፋ ነበር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. በደረሰበት ጥቃት ከ400,000 በላይ ሰዎች መረጃ በመጋለጡ፣ የብሪታንያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከሁለት ዓመት በኋላ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጥቶታል።

መብቱ ግን ወሰን አለው። አየር መንገድ ለሒሳብና ለግብር ሕግ ሲል የሚይዘውን ሰነድ መንገደኛው ስለ ጠየቀ ብቻ አይሰርዝም፤ መንግሥታትም የመንገደኞችን መዝገብ ከበረራው በፊት ይቀበላሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ መዝገቡ ለአምስት ዓመት እንዲቆይ ፈቅዶ የነበረ ሲሆን፣ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. በሰጠው ፍርድ፣ ከከባድ ወንጀል ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ ያልተገኘባቸውን መንገደኞች መዝገብ ከስድስት ወር በላይ በጅምላ ማቆየት እንደማይቻል አስታውቋል። ይህ ፍርድ ንጹሑን መንገደኛ እንደ ተጠርጣሪ ከመመዝገብ ልማድ የሚጠብቅ በመሆኑ ትልቅ ዋጋ አለው።

በኢትዮጵያ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ሲደነግግ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ መረጃን የማየት፣ የማሳረምና የማስሰረዝ መብትን በዝርዝር አስቀምጦ ቁጥጥሩን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። አዋጁ ከወረቀት ወርዶ ሊፈተን የሚገባው በየትኬት ቢሮው ነው፤ ምክንያቱም የፓስፖርት ፎቶ በቴሌግራም ተልኮ ትኬት መቁረጥ የተለመደ አሠራር ሲሆን፣ ምስሉ ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ በሠራተኛው የግል ስልክ ውስጥ ከሌሎች ሰዎች ፓስፖርት ጋር ተደርድሮ ሊቆይ ይችላል። ሠራተኛው መሥሪያ ቤት ሲለቅ ስልኩን ይዞ ይሄዳል፤ ስልኩ ሲሸጥ ወይም ሲሰረቅ ምስሎቹም አብረው ይሄዳሉ። ይህን ማስተካከል የቢሮዎቹ ኃላፊነት ቢሆንም፣ ደንበኛውም ትኬቱ እጁ ሲገባ ምስሉ ከሠራተኛውም ከራሱም ስልክ እንዲጠፋ መጠየቅ ይችላል።

መረጃውን ለመጠየቅ የሚፈልግ መንገደኛ በአየር መንገዱ ወይም በቦታ ማስያዣ ድርጅቱ የግላዊነት መግለጫ ግርጌ ወደሚገኘው አድራሻ አጭር ደብዳቤ ቢልክ ይበቃዋል፤ በደብዳቤው ሙሉ ስሙን፣ ትኬቱን የቆረጠበትን ኢሜይልና የጉዞውን ቀን ገልጾ፣ በስሙ የተያዘው መረጃ ሁሉ ቅጂ እንዲላክለትና ለእነማን እንደ ተላለፈ እንዲነገረው ይጠይቃል። ትኬቱ በወኪል በኩል የተቆረጠ ከሆነ ተመሳሳይ ደብዳቤ ለወኪሉ ለብቻው መላክ አለበት፤ አንዱ የሰረዘውን ሌላው ይዞት ሊቀር ይችላልና። ድርጅቱ ማንነቱን እንዲያረጋግጥ ሲጠይቀው ደግሞ፣ ሙሉ የፓስፖርት ቅጂ ከመላኩ በፊት፣ በተመዘገበው ኢሜይል ወይም ስልክ በሚላክ ማረጋገጫ ቁጥር መለየት ይቻል እንደሆነ መልሶ ይጠይቅ።