ከንፈሩን የሚመጥጠው ጨቅላ

«ሲስተር፣ ርቦት እኮ ነው፤ ከንፈሩን እየመጠጠ ነው» አሉኝ አያቱ። በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ ኡም ራኩባ መጠለያ በአዋላጅ ነርስነት ስሠራ ይህን ቃል ከብዙ አያቶች ሰምቻለሁ። ካምፑ በ1977ቱ ረሃብ ዘመን የተሰደዱ ኢትዮጵያውያንን አስጠልሎ የነበረ ሲሆን፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ለሸሹት ዳግም ተከፈተ።

ሕፃኑ ግን ጡት ፈልጎ አልነበረም። ዓይኖቹ ወደ አንድ ጎን ፈዘው ቀርተዋል፤ እግሮቹ በየተራ ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ። ምጡ ረዝሞ፣ ታፍኖ የተወለደ ጨቅላ ነው። አዋቂ ሲያንዘፈዝፈው መላ አካሉ ሊርገፈገፍ ይችላል፤ የጨቅላው ብዙ ጊዜ እንዲህ ድብቅ ነው።

መንዘፍዘፉ የሚነሣው ከአንጎል ነው። አንጎል ውስጥ ነርቭ ነርቭን የሚቀሰቅስበት መገናኛ አለ፤ የሚያረጋጋበትም አለ። የማረጋጊያው ዋና ኬሚካል ጋባ ይባላል። ሥራውም በነርቩ ሽፋን ላይ ያለውን የክሎራይድ መተላለፊያ መክፈት ነው። ክሎራይድ በምግብ ጨው ውስጥ ያለው፣ አሉታዊ ኤሌክትሪክ የተሸከመ ቅንጣት ነው። በበሰለ ነርቭ ከውጭ ወደ ውስጥ ይገባና ነርቩን ያረጋጋዋል። ባልበሰለው ግን አስቀድሞ ውስጥ ስለተከማቸ፣ መተላለፊያው ሲከፈት ወደ ውጭ ይወጣል፤ ነርቩም በመረጋጋት ፈንታ ይቀሰቀሳል። ይህን የየሄዝኬል ቤን-አሪ ቡድን ፓሪስ ውስጥ በ1989 እ.ኤ.አ. በአይጥ ግልገሎች አንጎል አሳይቷል። ጋባ ወደ ማረጋጋት የሚዞረው ክሎራይድን የሚያስወጣው ኬሲሲ2 የተባለ ፕሮቲን እየበዛ ሲሄድ ነው።

ጋባ ያልበሰለውን ነርቭ መቀስቀሱ የተፈጥሮ ስህተት አይደለም። ነርቮች የሚያድጉትና እርስ በርስ የሚገናኙት በዚህ ቅስቀሳ እየታገዙ ነው። እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን የኦክሲቶሲን ነገር ነው። እናት ከወለደች በኋላ ደም እንዳይፈሳት የምንወጋት መድኃኒት ነው፤ አካሏም በምጥ ጊዜ ራሱ ያመነጨዋል። በ2006 እ.ኤ.አ. በአይጦች እንደታየው፣ ይኸው ኦክሲቶሲን በጽንሱ ነርቮች ውስጥ ያለውን ክሎራይድ ለጊዜው ስለሚቀንስ፣ ጋባ ልክ በመወለጃው ሰዓት አረጋጊ ይሆናል።

ጨቅላ ሲያንዘፈዝፈው ስኳሩን ለክተን መጀመሪያ የምንሰጠው መድኃኒት ፊኖባርቢታል የጋባን ሥራ የሚያጠነክር ነው። ብዙዎችን ይረዳል፤ በቶሎ ሲሰጥ ደግሞ ይበልጥ። ነገር ግን ገና በመብሰል ላይ ባለ አንጎል አቅሙ ሊያንስ ይችላል። አካሉ ጸጥ ብሎ መንዘፍዘፉ አንጎሉ ውስጥ ሊቀጥልም ይችላል። ያንን የሚያሳየው የአንጎል ኤሌክትሪክ መመዝገቢያ በካምፕ ክሊኒክ የለም። ስለዚህ እግሩ ስላረፈ ብቻ ዳነ ብዬ አልሄድም፤ ትንፋሹን እቆጥራለሁ፣ ዓይኑን አያለሁ።

ለአያቶችም የምነግራቸው ይህን ነው፦ «እማማ፣ የሚንቀጠቀጠውን እጁን ቀስ ብለው ይያዙት። ብርድ ወይም ድንጋጤ ከሆነ ሲያዝ ይቆማል። በእጅዎ ውስጥ ሆኖም ከቀጠለ፣ ወይም ዓይኑ ፈዞ ከቀረ፣ ጡት በአፉ አያድርጉ፤ እስኪነጋም አይጠብቁ፣ ይዘውት ይምጡ።»