ገበያ ያልወጡት ሳንቲሞች

ዋልያ ያለበት የ600 ብር ሳንቲም አለን ስል የሚያምነኝ ጥቂት ነው። አለን እንጂ! በ1970 ዓ.ም. ከተማው በቀይ ሽብር፣ ኦጋዴን በጦርነት ሲታመስ፣ ደርግ የዱር እንስሳት ያሉባቸው ሦስት መታሰቢያ ሳንቲሞች አወጣ። አጥንት ከሰማይ እየጣለ በድንጋይ ላይ የሚሰብረው ጢማም አሞራ 10 ብር ደረሰው፤ ብዙ ሰው ከሲጋራ ፓኮ ብቻ የሚያውቀው ኒያላ 25 ብር፤ ዋልያ 600 ብር። ሁለቱ ከብር፣ ዋልያው ከወርቅ ነው። የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ ከብዙ አገሮች ጋር ያካሄደው ተከታታይ ሥራ አካል ናቸው።

መታሰቢያ ሳንቲም ለሰው፣ ለድርጊት ወይም ለጉዳይ ማስታወሻ የሚመታ ገንዘብ ነው፤ ሕጋዊ ዋጋ ቢጻፍበትም እንዲህ ያለውን ይዞ ስኳር ሊገዛ የሚሄድ የለም። ከእኛዎቹ ውስጥ በ1964 ዓ.ም. የወጡት ቴዎድሮስ፣ ዮሐንስ፣ ምኒልክና ዘውዲቱ ያሉባቸው ይገኛሉ። የ1974ቱ ደግሞ ለስፔኑ የዓለም ዋንጫ ነው። አንድም ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አልፈን አናውቅም፤ ሳንቲሙ ግን አለን።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ሻጩም ገዢውም «ፕሩፍ» የሚለውን ቃል «ንጹሕ፣ ያልተነካ» ለማለት ይጠቀሙበታል። ስህተት ነው። ፕሩፍ የሳንቲሙ አሠራር እንጂ የአያያዙ ደረጃ አይደለም። ለገበያ የሚሆን ሳንቲም በፈጣን ማሽን አንዴ ይመታና ከብጤዎቹ ጋር እየተጋጨ ከረጢት ውስጥ ይወድቃል። ለፕሩፍ ግን ያልተመታው ክብ ብር አስቀድሞ ይወለወላል፤ የሚመታበት የብረት ማኅተምም ሥዕል የሌለበት ወለሉ ይወለወልና ሥዕሉ ያለበት ክፍል ብቻ ሆን ተብሎ ይሻክራል። ከዚያ በዝግታ፣ በከባድ ጉልበት፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ይመታል። ወለሉ መስታወት፣ እንስሳው ነጭ አመዳይ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ከባንክ ወጥቶ በጥጥ ተጠቅልሎ የኖረ የ50 ሳንቲም ዝርዝር የቱንም ያህል ቢያበራ ፕሩፍ አይሆንም። በተቃራኒው ልጅ ሲጫወትበት የከረመ ፕሩፍ፣ ተጎዳ እንጂ ፕሩፍነቱ አልጠፋም። ለመለየት ከመብራት ሥር ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት። ወለሉ በአንድ አቅጣጫ ጥቁር ሆኖ ሥዕሉ ነጭ ከወጣ፣ የፊደሎቹም ጠርዝ የተቆረጠ ያህል ስል ከሆነ ፕሩፍ ነው። ከኒያላውና ከአሞራው ፕሩፍም ተራም ስለተመታ፣ ይህን ሳይለዩ የሁለቱን ዋጋ ማወዳደር ከንቱ ነው።

አንድ ጊዜ ፒያሳ ከአንድ ወርቅ ቤት መስኮት ኒያላውን አየሁት፤ አናቱ ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል። ባለቤቱ «ለጌጥ ነው» አለኝ። ለማርያ ቴሬዛ ብር የኖረ ልማድ ነው፣ አልፈርድም፤ እዚህ ላይ ግን እሳቱ መስታወቱን አጥፍቶታል፤ የቀረው የብሩ ክብደት ብቻ ነው። ከዚህ የሚብሱት ደግሞ አጣቢዎቹ ናቸው። ሎሚና አመድ፣ ሶዳ፣ የጥርስ ሳሙና! ብር ሲያረጅ ይጠቁራል፤ ያ ጥቁረት ለሰብሳቢ ነውር አይደለም። ማሸቱ ግን ወለሉን ይቧጭራል፤ የተቧጨረም አይመለስም። ጠርዙን ይዛችሁ አንሱት፣ በጣታችሁ ፊቱን አትንኩ፣ ለስላሳ ላስቲክ ውስጥም አታስቀምጡት፤ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣል።

ከውጭ የምትገዙ ደግሞ ዘመኑን ልብ በሉ። 1970 የእኛ አቆጣጠር ነው፤ በእነሱ 1977 ወይም 1978 ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሻጭ የተሳሳተ ዓመት ይጽፍላችኋል፤ ጥፋቱ ሳንቲሙን ሐሰተኛ አያደርገውም።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ብቻ። ዋልያው 33.4 ግራም ይመዝናል፤ 90 በመቶው ንጹሕ ወርቅ ነው። ዛሬ 600 ብር አንድ ግራም ወርቅ እንኳን አይገዛም። ስለዚህ ከአባት ወይም ከአያት ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ፣ ወደ አንጥረኛ ከመሮጣችሁ በፊት ለሚያውቅ ሰብሳቢ አሳዩ፤ ሣጥኑንና ወረቀቱንም አብራችሁ ያዙ።