በፖሊስ መዝገብ ስለ ራስ የተጻፈውን ጠይቆ ስለ ማወቅ



ነጋዴ የገዛውንና የሸጠውን፣ ያበደረውንና የተበደረውን በመዝገብ ጽፎ መያዝ ልማዱ ነው። በየጊዜውም መዝገቡን ከባንክ ሒሳቡ ጋር ያመሳክራል፤ መቶ ብር ብትጎድልበት ምክንያቷን ሳያገኝ አይተኛም። ነገር ግን ስለ ራሱ በሌላ እጅ የተጻፈ መዝገብ መኖሩን፣ በዚያም ስሕተት ቢገባ ጉዳቱ ከመቶ ብር እጅግ እንደሚበልጥ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ይህ መዝገብ በፖሊስ እጅ የሚገኘው ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በቅርቡ ያየሁት ነገር ነው። አሠሪዬ ከቆቦና ከራያ ቆላ ሽንኩርትና ማሽላ እየሰበሰበ ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ነው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ለመቅጠር ተስማምቶ፣ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲያቀርብ ጠየቀው። ሰውየውም ማስረጃውን ሊያወጣ ቢሄድ፣ «በስምህ የስርቆት መዝገብ አለ» ተባለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እየተመላለሰ «እኔ አይደለሁም» ሲል በቃል ተከራከረ፤ የሰማው ግን አልነበረም። በመጨረሻ እኔ ማመልከቻ ጻፍኩለት። በማመልከቻውም እስከ አያት ያለውን ስሙን፣ የእናቱን ስም፣ የትውልድ ዘመኑንና ቦታውን ዘርዝሬ፣ የመዝገቡ ቁጥር እንዲነገረውና የጣት አሻራው እንዲመሳከር ጠየቅሁ። አሻራው ሲመሳከር ተከሳሹ ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። በዚህም የሾፌሩ ስም ነጻ ሆነ። ሥራው ግን አመለጠው፤ የተለቀመ ሽንኩርት ሁለት ሳምንት ስለማይጠብቅ አሠሪዬ ሌላ ሾፌር ቀጥሮ ነበር።

በአገራችን ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ስለሆነ፣ በአንድ ወረዳ ውስጥ ስማቸው የሚገጥም ሰዎች መገኘታቸው አያስደንቅም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ነገር በማናችንም ላይ ሊደርስ ይችላል። ሕጉ ለዚህ ምን መንገድ እንዳበጀ ማወቅ የሚገባንም ስለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ ሦስት ዓይነት ጽሑፎችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው፣ ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚገልጸው ማስረጃ ነው። ይህን የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን የጣት አሻራ ተቀብሎ ይሰጣል፤ ለቪዛና ለሥራ የሚጠየቀውም ይኸው ነው። በውጭ አገር የሚኖር ወገናችን በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል አሻራውን ሰጥቶ፣ አገር ቤት ባለ ሕጋዊ ወኪሉ ማስፈጸም ይችላል።

ሁለተኛው፣ ነጋዴው ራሱ አቤቱታ አቅራቢ ሆኖ የሰጠው ቃል ነው። መጋዘኑ የተሰበረበት ወይም ጭነቱ በመንገድ የተዘረፈበት ሰው ለኢንሹራንስም ሆነ ለፍርድ ቤት ይህ ያስፈልገዋል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቃል የቀረበ አቤቱታ በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ለአቅራቢው እንዲነበብለትና ቀን ተጽፎበት እንዲፈረም ያዛል። እንግዲህ ሳይነበብልን መፈረም፣ የመዝገቡንም ቁጥር ሳንይዝ ከጣቢያው መውጣት የራሳችን ጥፋት ነው።

ሦስተኛው፣ ሰው በተጠረጠረበት ጉዳይ የተከፈተው የምርመራ መዝገብ ነው። ምርመራ ተጠናቆ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ከተላለፈ በኋላ ጥያቄው ለፖሊስ ሳይሆን ለዐቃቤ ሕግ መቅረብ አለበት። ክስ ከተመሠረተም፣ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ለተከሳሽ የቀረበበትን ማናቸውንም ማስረጃ የመመልከት መብት ሰጥቶታል።

ከእነዚህ በላይ አጠቃላይ የሆነው ሕግ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ማንም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚገኝን መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ የፖሊስ መሥሪያ ቤትም ከዚህ ውጭ አይደለም። ጥያቄው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ይቀርባል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጥ ይገባል። ቢከለከል ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽለት ይጠይቃል፤ ቅሬታውንም በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና ስሕተቱን የማሳረም መብት እንዳለው ደንግጓል።

ይህ መብት ግን ወሰን የለውም ማለት አይደለም። በመካሄድ ላይ ያለን ምርመራ የሚያሰናክል መረጃ ሊከለከል ይችላል። የሌላ ሰው የግል መረጃም የተጠበቀ ነው፤ ስለዚህ ነጋዴ የተፎካካሪውን ወይም የሠራተኛውን መዝገብ ባለቤቱ ሳያውቅ በጓሮ ማስፈለግ አይገባውም። ማስረጃ ከተፈለገ ሠራተኛው ራሱ እንዲያመጣ መጠየቅ ነው።

ይህም ሥርዓት በኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ማንም ሰው ፖሊስ ስለ እርሱ የያዘውን መረጃ ቢጠይቅ በአንድ ወር ውስጥ መልስ ሊሰጠው ይገባል።

ቀድሞ ጥፋተኛ ሆኖ የተፈረደበት ሰውስ? የወንጀል ሕጋችን ለእርሱም መንገድ አበጅቷል። ቅጣቱን ፈጽሞ ሕጉ የወሰነውን ጊዜ በመልካም ጠባይ ያሳለፈ፣ የሚችለውን ያህልም ካሣ የከፈለ ሰው ፍርዱ እንዲሰረዝለት ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ፍርዱ ከተሰረዘ በኋላ ወደፊት እንዳልነበረ ይቆጠራል። ይህን ባለማወቅ የድሮ ጥፋቱን ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞ የሚኖር ብዙ ነው።

ለእኛ ለቆቦና ለአካባቢው ሰዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በገባ ጊዜ ሱቅና መጋዘን ብቻ ሳይሆን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ተዘርፈዋል፤ መዛግብትም ጠፍተዋል። ስለዚህ ከዚያ በፊት አቤቱታ ያቀረበ ወይም የተዘጋ ክስ የነበረበት ሰው መዝገቡ አለ ብሎ ከመተማመን ይልቅ ሄዶ ማረጋገጥ ይበጀዋል። በእጁ ያለውን የማመልከቻ ቅጂ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ግልባጭና ደረሰኝ አቅርቦም ከአዲሱ መዝገብ ጋር እንዲያያዝለት በጽሑፍ ይጠይቅ። ነጻ የተባለበት ውሳኔ በጠፋበት አገር የጥርጣሬው ወሬ ብቻ ሳይጠፋ ሊቀር ይችላልና።

በመጨረሻም፣ ልምድ ካስተማረኝ ጥቂቱን ልጨምር። ማመልከቻ ሁልጊዜ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ በአንዱም ላይ የተቀበለው መሥሪያ ቤት ቀንና ማኅተም ያስፍርበት። የሚፈለገው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተለይቶ ይገለጽ። ስም እስከ አያት ይጻፍ፤ የመታወቂያ ቅጂም ይያያዝ። የተነገረን የመዝገብ ቁጥር በዕለቱ ይጻፍ። ሾፌሩ በቃል ሲለምን ሁለት ሳምንት አለፈበት፤ በጽሑፍ ሲጠይቅ ግን ስሙ ነጻ ወጣ። በመጀመሪያው ቀን ጽፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የአሠሪዬን መኪና የሚነዳው እርሱ በሆነ ነበር።