በአሜሪካ የጦር መሣሪያ የመያዝ መብትና የቆዳ ቀለም
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ፤ ዘመኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

በአሜሪካ አገር ሰው ሁሉ የጦር መሣሪያ ለመያዝ መብት አለው ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። በ1791 የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ ይህን መብት የሕዝቡ አድርጎታል። ዳሩ ግን «ሕዝብ» የተባለው ማን እንደሆነ ካልተመረመረ የመብቱ ምንነት ሊታወቅ አይችልም።

በ1857 ድሬድ ስኮት የተባለው ባሪያ ስለ ነፃነቱ ያቀረበው ክርክር ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሮጀር ቶኒ ጥቁሮች ዜጎች አይደሉም ብለው ሲፈርዱ፥ ዜግነት ቢፈቀድላቸው በሄዱበት ሁሉ መሣሪያ ለመታጠቅ መብት ያገኛሉ የሚለውን እንደ አንድ ምክንያት ጠቀሱ። ባርነት በቀረበት በ1865 ደግሞ የሚሲሲፒ ግዛት፥ ነፃ የወጣ ጥቁር ከአካባቢው ሹማምንት ፈቃድ ሳይቀበል ጠመንጃ እንዳይዝ በሕግ ከለከለ። ነጩን ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ የጠየቀው አልነበረም።

በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ እንደዚህ በግልጽ ዘር ለሚለይ ሕግ መሠረት አሳጣው። ልዩነቱ ግን ከሕጉ ቃል ወጥቶ በፈቃድ ሰጪው ብዕር ውስጥ አደረ። በ1956 በአላባማ፥ በሞንትጎመሪ ከተማ፥ የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ቤት በቦምብ ከተመታ በኋላ መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ ቢጠይቁ ተከለከሉ። የአላባማ ሕግ ነጭ ወይም ጥቁር አይልም ነበር፤ ፈቃድ የሚሰጠው ለ«ተገቢ ሰው» ነው ይል ነበር እንጂ። ተገቢው ማን እንደሆነ የሚወስነው ሹሙ ነበር።

የሕዝብም አስተያየት መሣሪያውን ከያዘው ሰው ጋር ይለዋወጣል። በካሊፎርኒያ የተሞላ ጠመንጃ በግልጽ ይዞ መሄድ የተፈቀደ ነበር። የብላክ ፓንተር ፓርቲ አባሎች በኦክላንድ ከተማ ታጥቀው የፖሊሶችን ሥራ መከታተል በጀመሩ ጊዜ ግን ይህን የሚከለክል ሕግ ተረቀቀ፤ አገረ ገዢው ሮናልድ ሬገንም በ1967 ፈረሙበት። በ2016 በሚኒሶታ አንድ ጥቁር ሾፌር ፖሊስ ባስቆመው ጊዜ መሣሪያ መያዙን ራሱ አስታወቀ፤ ፈቃድም ነበረው። ከጥቂት ሰኮንዶች በኋላ በጥይት ተመታና ሞተ። ፖሊሱ በ2017 በነፃ ተለቀቀ።

መድኃኒቱ ግን አከራካሪ ነው። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፥ አመልካች የተለየ ምክንያት እንዲያስረዳ ያስገድድ የነበረውን የኒው ዮርክ ሕግ ሻረ። ለድኾች የሚቆሙ አንዳንድ ጠበቆች፥ ሕጉ በአብዛኛው ጥቁሮችንና ላቲኖችን ለወኅኒ ይዳርጋል ብለው መሻሩን ደግፈው ነበር። ሌሎች ደግሞ በየከተማው በጥይት የሚያልቁትን ጥቁር ወጣቶች እያዩ፥ ሕጉ እንዲጠብቅ ይሻሉ። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ሕዝብ ጉዳት ነው።

ክቡራን አንባብያን፤ «ተገቢ» እና «በቂ ምክንያት» የሚሉት ቃላት በየመሥሪያ ቤቱ ደንብ ውስጥ ይገኛሉ። ፍቺያቸውን የሚሰጠው ማመልከቻውን የሚመረምረው ሰው ነው። ስለዚህ የከለከለ ሹም ምክንያቱን በጽሑፍ ይግለጥ፤ የተከለከለም ይግባኝ የሚልበት በር ክፍት ይሁንለት። ይህ በሌለበት፥ በወረቀት ላይ እኩል የሆነ ሕግ በእጅ ሲገባ እኩል ሆኖ አይቀርም።