ቀመሩ በብሮውዘር ላይ ሲበታተን

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ኳድራቲክ ፎርሙላን ደብተሩ ላይ ሲጽፍ እጁን ልብ ብላችሁ እዩት። መስመር ያሰምርና ከላይም ከታችም ይጽፋል፤ የዳግም ዘሩን ጣሪያ ከሥሩ ባሉት ቁጥሮች ልክ ይዘረጋል፤ አርቢዋን አሳንሶ ከፊደሉ ራስጌ ያስቀምጣል። የድረ ገጽ ጽሑፍ ግን በክር እንደተሰካ ዶቃ ነው፤ ፊደል ከፊደል ኋላ ይሰለፋል፣ መስመሩ ሲሞላ ወደ ታች ይወርዳል። የችግሩ ሁሉ መነሻ ይህ ነው። የሚገርመው፣ ቲም በርነርስ ሊ ድርን የፈጠረው ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ ቀመር የዕለት ሥራቸው በሆነ ሰዎች መካከል ነው። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ብሮውዘሮች አንድ ክፍልፋይ እንኳ በወጉ ማሳየት አይችሉም ነበር።

ቀመርን በኮምፒውተር የማቀናበሩ ጥበብ ከድር ይቀድማል። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ዶናልድ ክኑት የመጽሐፉ የማተሚያ ረቂቅ ሲደርሰው መልኩ አላስደሰተውም፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ቴክ የተባለውን ሥርዓት መሥራት ጀመረ። በቴክ ማንኛውም ቀመር በተራ ኪቦርድ ይጻፋል፤ ትእዛዞቹ ወደ ኋላ ባዘመመ ሰረዝ ይጀምራሉ፣ ቀመሩም በዶላር ምልክቶች መካከል ይቀመጣል። የሒሳብ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚጽፉት በዚሁ ነው። ለድር ተብሎ የተዘጋጀው ማትኤምኤል የተባለ ቋንቋ በ1998 ቢጸድቅም ብሮውዘሮቹ እኩል አልተቀበሉትም። ፋየርፎክስ ቀድሞ ያዘው። ክሮም በ2013 በአንድ ዕትሙ ብቻ አሳይቶ ወዲያው አወጣው፤ ኢጋሊያ የተባለው የስፔን ድርጅት ሥራውን እንደገና ከሠራው በኋላ ነው በጥር 2023 በ109ኛው ዕትም የተመለሰው። በመካከሉ ያለፉትን አሥር ዓመታት የሞላው በ2010 የወጣው ማትጃክስ ነው፤ በ2014 ካን አካዳሚ ያወጣው ካቴክም ተከተለው። ሁለቱም ብሮውዘሩ ውስጥ የሚሠሩ የጃቫስክሪፕት ፕሮግራሞች (ስክሪፕቶች) ናቸው። ገጹ ከተከፈተ በኋላ ማትጃክስ ጽሑፉን ይቃኛል፣ የቴክ ኮዱን ያገኛል፣ በቦታውም የተቀናበረውን ቀመር ይተካል።

ይህን የሥራ ቅደም ተከተል ያወቀ አንባቢ ቀመሩ ሲበላሽ የት እንደተሰናከለ ከብልሽቱ መልክ መናገር ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ጥሬው ኮድ፣ የዶላር ምልክቱና ሰረዙ ሁሉ እንዳለ መታየቱ ነው። ኔትወርኩ ደካማ ከሆነ ለጥቂት ሰከንድ እንዲህ መታየቱ ጤናማ ነው፤ ታገሡ። ከቆየ ግን ስክሪፕቱ አልደረሰም ወይም እንዳይሠራ ተከልክሏል። ገጹን ሪፍሬሽ አድርጉ፤ ካልተለወጠ ገጹን በፕራይቬት መስኮት ክፈቱት። በዚያ መስኮት ኤክስቴንሽኖች አብዛኛውን ጊዜ አይሠሩም፤ ቀመሩ እዚያ ከታየ ጥፋተኛው የማስታወቂያ ማገጃው ወይም ሌላ ኤክስቴንሽን ነው ማለት ነው። በሌላ ብሮውዘርም ካልታየ ጥፋቱ የገጹ ሊሆን ይችላል። ያረጁ ገጾች ስክሪፕቱን የሚጠሩት በቆየ አድራሻ ነው፤ ማትጃክስ የራሱን ማከፋፈያ ሰርቨር በ2017 ሲዘጋ ባለቤቶቹ አድራሻውን እንዲቀይሩ ጠይቆ ነበር፣ ሁሉም ግን አልሰሙም። ገጹ ራሱ በተመሰጠረ ግንኙነት ተከፍቶ ስክሪፕቱን ባልተመሰጠረ አድራሻ ከጠራም ብሮውዘሩ ለደኅንነት ሲል ያግደዋል።

አንዱ ቀመር አምሮ ሌላው ከተበላሸስ? ስክሪፕቱ ደርሷል፣ ስሕተቱ ከጸሐፊው ነው። ማትጃክስ ነጠላ የዶላር ምልክትን፣ ካልታዘዘ በቀር፣ እንደ ቀመር ድንበር አይቆጥረውም፤ የገንዘብ ዋጋ የተጻፈበት ገጽ ሁሉ እንዳይተራመስ ነው። «ያንሳል» የሚለው ምልክት ከፊደል ጋር ከተጣበቀ ደግሞ ብሮውዘሩ የራሱ ትእዛዝ የተጀመረ ይመስለውና ቀጣዩን ይውጠዋል። አንባቢ ይህን ማረም አይችልም። ግን ጥሬውን ኮድ ገልብጦ ቴክ የሚያነብ ሌላ መሣሪያ ውስጥ ቢያስገባው ብዙ ጊዜ ቀመሩን ያገኘዋል።

ሳጥን የሚታይበትን ብልሽት የአማርኛ አንባቢ በደንብ ያውቀዋል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያም በኋላ የግዕዝ ፎንት በሌለው ኮምፒውተር ስንት ጽሑፍ በባዶ ሳጥን ተተክቶ አይተናል። የሒሳብ ምልክትም እንደዚሁ ነው፣ ግን ችግሩ አንድ ደረጃ ይከብዳል። ለሒሳብ የተሠራ ፎንት ከምልክቶቹ በተጨማሪ የልኬት ሰንጠረዥ ይይዛል፤ የክፍልፋይ መስመር ምን ያህል ይወፍር፣ አርቢ ምን ያህል ከፍ ይበል፣ ቅንፍ እንዴት ይደግ የሚለው ሁሉ እዚያ አለ። ካምብሪያ ማት፣ ስቲክስና ላቲን ሞደርን ማት እንዲህ ያሉ ናቸው። ማትኤምኤል የያዘ ገጽ ይህን ሰንጠረዥ ካላገኘ ምልክቶቹ ሁሉ እያሉ ቅንፉ ሳያድግ ይቀራል፣ የዳግም ዘሩ ራስ ከጣሪያው ጋር አይገጥምም። እንዲህ ካያችሁ ከእነዚህ ፎንቶች አንዱን ጫኑ፤ ስቲክስና ላቲን ሞደርን በነፃ ይገኛሉ።

ማትጃክስ በሚጠቀም ገጽ ላይ ደግሞ ጥቂት ሰው የሚያውቀው መድኃኒት አለ። ቀመሩን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ስትጫኑት ሜኑ ይወጣል። ከዚያ የማሳያውን ዓይነት ወደ ኤስቪጂ ብትለውጡት ምልክቱ በፎንት ፈንታ በሥዕል መስመር ይሠራል፤ ስለዚህ የፎንት መታገድ አይነካውም። የቴክ ኮዱንም ከዚሁ ሜኑ መቅዳት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ሸክም ሽሽት ብዙዎች ቀመሩን ፎቶ አንስተው ይለጥፋሉ። እኔ ይህን አልደግፍም። ፎቶ ሲያጎሉት ይደበዝዛል፣ ዳታ ይበላል፣ ለዓይነ ስውር ተማሪም ገላጭ ጽሑፍ ካልተጨመረለት ምንም አይናገርም። ማትኤምኤልን ግን ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ የስክሪን አንባቢ፣ ማትካት በሚባል መሣሪያ እየታገዘ፣ ክፍልፋዩን ከላይ እስከ ታች ያነብለታል።

ለተማሪዎቻችሁ ኖት ድረ ገጽ ላይ የምትጭኑ መምህራን፦ ቀመሩን በማትኤምኤል አስቀምጡ፤ የዛሬዎቹ ብሮውዘሮች ያለ ስክሪፕት ያሳዩታል። በቴክ ከጻፋችሁም ስክሪፕቱንና ፎንቱን በራሳችሁ ሰርቨር ላይ አኑሩ። ከመልቀቃችሁ በፊትም ገጹን በርካሽ ስልክና በደካማ ኔትወርክ ከፍታችሁ እዩት፤ አብዛኛው ተማሪያችሁ የሚያነበው በዚያ ነው።