ሁለት ባላ፣ አንድ አፈር

ባለፈው ቅዳሜ ኤድመንተን ግሪን ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ገዝቼ ስመለስ አንድ የማስተርስ ተማሪ ደወለልኝ። በትርፍ ሰዓት እየሠራ 4,000 ፓውንድ አጠራቅሟል። «ወንድሜ፣ የት ላድርገው? አክሲዮን ልግዛ፣ ወርቅ ይሻላል፣ ወይስ አገር ቤት ልላከው?» አለኝ። ወዲያው መመለስ አልቻልኩም። መልሱን እኔ ራሴ የተማርኩት በገንዘቤ ነውና።

የራሴን ላስቀድም። ሥራ ከያዝኩ ጀምሮ አዲስ አበባ ወዳለው የባንክ ሒሳቤ በየወሩ እልክ ነበር፤ በሕጋዊው መንገድ፣ በባንክ። ሐሳቤ ለአፓርታማ ቅድመ ክፍያ ማጠራቀም ነበር። 1,200,000 ብር ደረሰልኝ፤ 7 በመቶ ወለድም ያገኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በዋዜማው 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የፈረንጆቹ 2024 ሲያልቅ 125 ብር አካባቢ ደርሶ ነበር። 21,000 ዶላር ገደማ ያወጣ የነበረው ቁጠባዬ ወደ 9,600 ዶላር ወረደ። ማንም አልሰረቀኝም፤ ባንኩም አላታለለኝም። ሒሳቤ ላይ ዛሬም ያው 1,200,000 ብር አለ፣ ወለዱም ተጨምሮበታል።

እውነቱን ለመናገር ምልክቱ ቀድሞ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የአገር ቤት የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 7 በመቶ እየተቀበሉ 30 በመቶ ማጣት ቁጠባ አይባልም። እኔ ግን የማየው ቁጥሩ ሲጨምር ብቻ ነበር።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ያገራችን ሰው። እኔም ሁለት የተከልኩ መስሎኝ ነበር፤ አንዱ የባንክ ተቀማጭ፣ ሁለተኛው የአንድ የግል ባንክ አክሲዮን። ሁለቱም ግን የተተከሉት ብር ላይ ነው። በሙያዬ ብናየው፣ ሁለት መጠባበቂያ ቅጂ አንድ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ እንቅልፍ እንደመተኛት ነው። ሰርቨሩ ሲወድቅ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ስለዚህ ከ«ምን ልግዛ?» በፊት ሌላ ጥያቄ አለ። ይህን ገንዘብ መቼ አወጣዋለሁ? የት? በምን ገንዘብ? እዚህ ለሚከፈል ኪራይ ፓውንድ ያስፈልጋል፤ እዚያ ለእናት ቀለብ ብር። ይህ ከተለየ በኋላ አክሲዮን፣ ቦንድ፣ ወርቅና ጥሬ ገንዘብ እያንዳንዳቸው ቦታቸውን ይይዛሉ።

ከጥሬ ገንዘብ እንጀምር። አብዛኛው መካሪ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ወጪ ያዝ ይላል። ለእኛ ግን ይህ የሚያንስ ይመስለኛል። የኛ ድንገተኛ ወጪ የቦይለር ብልሽት ብቻ አይደለም፤ ሌሊት የሚደወል ስልክ አለ። ሕክምና፣ ለቅሶ፣ በማግስቱ የሚቆረጥ የአውሮፕላን ቲኬት። ይህ ካልታሰበበት አክሲዮኑ በወደቀበት ሳምንት ለመሸጥ እንገደዳለን። እዚህ አገር ከዲሴምበር 2025 ጀምሮ ባንክ ቢከስር ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 120,000 ፓውንድ ዋስትና አለው። ከግሽበት ግን የሚያስጥል ዋስትና የለም። በኦክቶበር 2022 የብሪታንያ ግሽበት 11.1 በመቶ ደርሶ ነበር።

ቦንድ የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን የለመድነው በህዳሴ ግድብ ነው። ያኔ የገዛነው ወለዱን አስልተን አልነበረም፤ አልቆጭበትም። በሒሳብ ዓይን ግን ቦንድ ብድር ነው፤ አበዳሪው አንተ ነህ። «አስተማማኝ ነው» ሲባል ከስሞ አይቀርም ለማለት እንጂ ዋጋው አይወርድም ማለት አይደለም። በ2022 የወለድ መጠን ሲንር የብሪታንያ መንግሥት ቦንዶች በአንድ ዓመት ሩብ ያህል ዋጋቸውን አጥተዋል። አዲሱ ቦንድ 4 በመቶ ሲከፍል የድሮውን 1 በመቶ ማን ይገዛል? ስለዚህ ገንዘቡ በሦስት ዓመት የሚፈለግ ከሆነ የሚገዛው ቦንድም የሦስት ዓመት ይሁን እንጂ የሠላሳ ዓመት አይሁን።

አክሲዮን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ለማይነካ ገንዘብ ነው። እኔ የምይዘው በዓለም ዙሪያ ያሉ ኩባንያዎችን ባንድ ላይ የሚገዛ ኢንዴክስ ፈንድ ነው፤ በዓመት እስከ 20,000 ፓውንድ ከግብር ነፃ በሆነው አይሳ ውስጥ። ከዚያ በፊት ግን የመሥሪያ ቤት ጡረታ ይቅደም። እኛ የምናዋጣው ላይ አሠሪው ይጨምራል፤ ከዚያ መውጣት ደመወዝን እንደ መመለስ ነው።

አገር ቤትም አሁን የአክሲዮን ገበያ አለ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሲከፈት የመጀመሪያው የተመዘገበ ኩባንያ ወጋገን ባንክ ነበር። ደስ የሚል ጅምር ነው። ነገር ግን ፓስፖርት የቀየርን ሰዎች የሕጉንም ስጋት እንቁጠረው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ሲሸጥ መግዛት የቻለው ኢትዮጵያዊ ዜጋ ብቻ ነበር። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክ አክሲዮናቸውን እንዲለቁ ታዘው ነበር፤ በሩ መልሶ የተከፈተላቸው በ2019 በወጣው ሕግ ነው።

ወርቅ ላይ ከእናቶቻችን ጋር መከራከር ይከብዳል። በኦክቶበር 2025 አንድ አውንስ ከ4,000 ዶላር ሲያልፍ እናቴ «አላልኩህም?» ብላኛለች። ልክ ናት። ሆኖም በ2011 ወደ 1,900 ዶላር የወጣው ወርቅ በ2015 መጨረሻ 1,050 ዶላር አካባቢ ወርዶ ነበር፤ ጫፉ ላይ የገዛ ሰው ገንዘቡን ለማየት እስከ 2020 ጠብቋል። ወርቅ ወለድ አይከፍልም፣ ትርፍ አያካፍልም። የአንገት ሐብል ደግሞ ስትገዛው የእጅ ሥራ ትከፍላለህ፣ ስትሸጠው የሚመዘነው ወርቁ ብቻ ነው። ጥቂት ይኑር፤ ቤቱን ሁሉ አይሸከምም።

ዛሬ የእኔ ክፍፍል ይህን ይመስላል፤ ከመቶው 60 አክሲዮን፣ 15 ቦንድ፣ 5 ወርቅ፣ 20 ጥሬ ገንዘብ። የገንዘብ አማካሪ አይደለሁም፤ ሶፍትዌር ነው የምጽፈው። ቁጥሩን አትቅዱት፤ የእናንተ ሥራ፣ ዕድሜና ቤተሰብ ሌላ ቁጥር ይሰጣችኋል። በዓመት አንዴ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ አየዋለሁ፤ ከልክ ያለፈውን ቀንሼ የጎደለውን እሞላለሁ።

አገር ቤት የቀረው ብርስ? አላወጣሁትም። ለእናቴ የቤት ወጪ ከእሱ ይከፈላል። ብር ለብር ወጪ ሲሆን ምንዛሪው አያሳስበኝም። አዲስ ቁጠባ ግን ወደዚያ አልጨምርም።

ለተማሪው ልጅ ማታ መልሼ ደወልኩለት። «ቪዛህ መቼ ነው የሚያልቀው?» አልኩት። ጥቂት ወራት ነው የቀሩት። የድኅረ ምረቃውን ቪዛ ሲጠይቅ የጤና ክፍያው ብቻ በዓመት 1,035 ፓውንድ ነው፤ የማመልከቻው ለብቻው። «እንግዲያው አክሲዮንም ወርቅም አትግዛ፣ አገር ቤትም አትላከው። ወለድ የሚከፍል ተራ የቁጠባ ሒሳብ ውስጥ በፓውንድ አስቀምጠው» አልኩት።

«ይኸው ነው በቃ?» አለኝ፤ ቅር ያለው ይመስላል።

ይኸው ነው በቃ።