ያውቁ ኖሯል? ክላውድ ላይ ያለ ንብረትም ጠባቂ ይፈልጋል

እ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 28 ቀን 2017 ለቁጥር የሚታክቱ ድረ ገጾችን ለአራት ሰዓት ያህል ያሽመደመደው አንድ የተሳሳተ ትዕዛዝ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚሠራ የኮምፒውተር አገልግሎት፣ የሚያከራየው የአማዞን ባለሙያዎች በሰሜን ቨርጂኒያ ያለው የፋይል ማከማቻቸው የሂሳብ ሥርዓት ለምን እንደተንቀራፈፈ እየመረመሩ ነበር። አንዱ ጥቂት ሰርቨሮችን ከሥራ ለማውጣት አስቦ ትዕዛዝ ሲያስገባ ተሳሳተና ካሰበው በላይ ብዙ ሰርቨሮች ወጡ። ሥርዓቱን እንደገና ማስነሣት ደግሞ ከተጠበቀው በላይ ጊዜ ፈጀ፤ ለዓመታት ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ተነሥቶ አያውቅማ!

የአገልግሎቱን ጤንነት ለደንበኞች የሚያሳየው ሰሌዳም በዚያው ማከማቻ ላይ የቆመ ስለነበር፣ በዚያ ቀን ብልሽቱን በወቅቱ ማሳየት አልቻለም።

አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ይዞ ባዶ እጅ መቅረት እንደሚቻልስ? ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ጃንዋሪ 31 ቀን 2017፣ የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ የሆነው የጊትላብ ኩባንያ ኢንጂነር ተጠባባቂውን ሰርቨር ያጸዳ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ማኅደር ሰረዘ። 300 ጊጋባይት ገደማ ከነበረው የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ነበር። ወደ መጠባበቂያዎቹ ሲሮጡ ከአምስቱ በወጉ የሚሠራ ጠፋ። ኩባንያውን ያተረፈው አንድ ባልደረባ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ጉዳይ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓቱ መረጃ ግን ጠፍቶ ቀረ። ሊደነቁ የሚገባቸው ጥፋቱን ባለመደበቃቸው ነው፤ የማዳኑን ሥራ በዩቲዩብ በቀጥታ አሳይተዋል።

በ2024 ደግሞ ዩኒሱፐር የተባለው የአውስትራሊያ የጡረታ ፈንድ ከ600,000 በላይ አባላቱ ለአንድ ሳምንት ያህል ሂሳባቸውን በኢንተርኔት ማየት አልቻሉም። ጠላፊ አልነበረም፣ እሳትም አልነበረም። ጉግል ክላውድ የፈንዱን ሥርዓት ሲዘረጋ አንድ መሞላት የነበረበት ቦታ ባዶ ቀርቶ ነበር። ባዶ በመቅረቱም ሥርዓቱ ለአንድ ዓመት ብቻ የተፈቀደ ሆኖ ተመዘገበ፤ ዓመቱ ሲሞላ ያለ ማስጠንቀቂያ በራሱ ተሰረዘ። ፈንዱ ለክፉ ቀን ብሎ በሁለት የተለያዩ አካባቢዎች ሥርዓቱን አስቀምጦ ነበር፤ ስረዛው ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ወሰዳቸው። ሌላ አቅራቢ ዘንድ የነበረው ቅጂ ለመልሶ ግንባታው ትልቅ እገዛ አድርጓል። የሕዝብ ገንዘብ የሚይዝ ተቋም ሁሉ ይህን ታሪክ ሊያጠናው ይገባል እላለሁ።

እሳትም ያጋጥማል። ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሰርቨር አከራዩ የኦቪኤች የመረጃ ማዕከል በእሳት ወደመ። የሰው ሕይወት አልጠፋም። መጠባበቂያ ቅጂያቸው በዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ግን ዋናውንም ቅጂውንም አጡ፤ ጉዳያቸውም ፍርድ ቤት ደረሰ።

ጠላፊም ያጋጥማል። ኮድ ስፔስስ የሚባል ኩባንያ በጁን 2014 የተዘጋው በሰዓታት ውስጥ ነው። አንድ ጠላፊ የአማዞን መቆጣጠሪያ ገጹን ያዘ፣ ገንዘብ ጠየቀ፣ ኩባንያው መቆጣጠሪያውን መልሶ ለመያዝ ሲሞክር አብዛኞቹን ፋይሎች ከነመጠባበቂያቸው ደመሰሰ። ሁሉም በአንድ አካውንት ሥር ነበሩ።

«99.9 በመቶ አገልግሎት» የሚል ውል በወር 43 ደቂቃ መቋረጥን እንደሚፈቅድ ያውቁ ኖሯል? ከዚያ በላይ ቢቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት ከሚቀጥለው ሂሳብ የተወሰነ ቅናሽ ነው። የሸሸ ገበያ አይተካም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ፋይል ወደ ክላውድ ማስገባት በአብዛኛው በነጻ ነው፤ የሚያስከፍለው ማውጣቱ ነው። በአማዞን የቨርጂኒያ ዋጋ 10 ቴራባይት ለአንድ ወር ማስቀመጥ 230 ዶላር ገደማ ሲሆን ያንኑ በኢንተርኔት ማውጣት ወደ 900 ዶላር ይጠጋል። በ2024 መጀመሪያ ጉግል፣ ቀጥሎም አማዞንና ማይክሮሶፍት ጠቅልሎ ለሚወጣ ደንበኛ ይህን ክፍያ አንሥተዋል፤ ለዕለት ተዕለት ሥራ ግን አሁንም ይከፈላል። ከፌብሯሪ 2024 ጀምሮ አማዞን ለእያንዳንዱ የአይፒ ቪ4 የሕዝብ የኢንተርኔት አድራሻ በሰዓት ግማሽ የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍላል። ማንም የማይጠቀምበት አድራሻም ይቆጥራል።

የፋይል ማስቀመጫ አገልግሎት የሚሰጠው ድሮፕቦክስ አብዛኛውን ፋይሉን ከአማዞን አውጥቶ ወደ ራሱ ማዕከላት በማዛወሩ በሁለት ዓመት 75 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዳተረፈ እ.ኤ.አ. በ2018 አስታውቋል። ለትንሽ ድርጅት ይህ መንገድ አይመከርም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አገር ውስጥ ያሉ የክላውድ ተጠቃሚዎች ምንም ሳይጨምሩ ሂሳባቸው ናረ። 1,000 ዶላር እስከዚያ ቀን ድረስ 57,000 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100,000 በላይ ሆነ። ገቢያቸው በብር፣ ኪራያቸው በዶላር ለሆነ ጀማሪ ድርጅቶች ከየትኛውም ጠላፊ የከፋው ይኸው ነው። ያልተፈለገ ሰርቨር ማጥፋት ለእነርሱ የህልውና ጉዳይ ነው።

የቀን አቆጣጠርም ያሰናክላል። የማይክሮሶፍት ክላውድ የሆነው አዙር ፌብሯሪ 29 ቀን 2012 የተስተጓጎለው ፕሮግራሙ ለአንድ ዓመት የሚያገለግል ሰርተፍኬት ሲያወጣ ማብቂያውን «ፌብሯሪ 29 ቀን 2013» ስላለው ነው። እንዲህ ያለ ቀን የለም። በእኛ አቆጣጠር ፕሮግራም የምትጽፉ ወገኖች ጳጉሜን 6ን አስቡ፤ ከጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. አንድ ዓመት ወደ ፊት የቆጠረ ሥርዓት ያው ገደል ውስጥ ገብቷል። ቀኑ በ2019 ዓ.ም. ይመለሳል።

ተጠያቂው ማን እንደሆነም ማወቅ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከካፒታል ዋን ባንክ ወደ 106 ሚሊዮን የሚጠጉ አሜሪካውያንና ካናዳውያን መረጃ ሲሰረቅ ጠላፊዋ የገባችው ባንኩ አሳስቶ ባዋቀረው የመከላከያ ፕሮግራም በኩል ነበር። በዚህ ሳቢያ የተጣለውን የ80 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት የከፈለው ባንኩ እንጂ ክላውዱን ያከራየው አማዞን አይደለም። ሕንፃውን፣ ማሽኑንና መብራቱን አከራዩ ይጠብቃል፤ ማን ምን እንዲያይ እንደተፈቀደለት የሚጠብቀው ተከራዩ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ሳምንት የመሥሪያ ቤትዎን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሁለት ነገር ይጠይቁ። መጠባበቂያ ቅጂያችን ከዋናው የተለየ አካውንትና የተለየ ከተማ ውስጥ ነው? ከዚያ ቅጂ ፋይል አውጥተን ለመጨረሻ ጊዜ የሞከርነው መቼ ነው? ለሁለተኛው ጥያቄ ቀን ተጠቅሶ ካልተመለሰልዎ፣ ሙከራው በዚሁ ሳምንት እንዲደረግ ያዙ።